ግማሽ ስብከት

ስለ ወላጅና ልጅ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ የምንሰብከው ስብከት ሁሌ ከኤፌሶን 6 ይነሣና ቁጥር 3 ላይ «አሜን» ተብሎ ያበቃል። ልጆች ይታዘዙ፣ ያክብሩ፤ ከዚያ መዝሙር። ቁጥር 4 የተጻፈው ግን ለአባቶች ነው፤ ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ። ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 ምክንያቱንም ይጨምራል፦ የተመረረ ልጅ ተስፋ ይቆርጣል። የዘለልነው ወላጆች አዳራሹ ውስጥ ስለሌሉ ነው እንዳንል፣ እሑድ ጠዋት እነርሱ ሞልተው በተቀመጡበትም አንሰብከውም። እኔም ስንት ጊዜ ቁጥር 3 ላይ ቆሜያለሁ።

የዝላያችንን ዋጋ ያየሁት በጥር 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠበት ዓመት ነበር፤ ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ100 ተማሪ 97ቱ ገደማ ሲወድቅ ነገሩ የአንድ ልጅ ስንፍና አይደለም። በየቤቱ ግን የተከሰሰው አንዱ ልጅ ነበር። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት?» «የእነ እገሌ ልጅስ?»

ከሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚመጣ አንድ ልጅ ያን ቀን ስልኩን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጣና እስኪመሽ ቁጭ አለ። አባቱ መትቶት አያውቅም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሎበት አያውቅም። «ለአባትህ ነግረሃል?» ስለው «የሚለውን አውቀዋለሁ» አለኝ። ከውጤት በቀር ስለ ምንም ነገር አውርተው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ወደ እኔ በመምጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ አፍርበታለሁ። የልጅን ምስጢር ከአባቱ ቀድሞ የሚሰማ የወጣት መሪ፣ ሊያሸማግል ሲገባው አባት መስሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ማታ ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። አባቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲደውል ነው የዋለው።

ወላጆች «ለእነሱ ብለን ነው የምንለፋው» ይላሉ። እውነት ነው። ከአያት፣ ከአራብሳ ገና ሳይነጋ ለታክሲ ተሰልፈው ከመሸ የሚመለሱትን አውቃለሁ። ግን የተረፈችውን ሰዓት ማን ወሰዳት? እኛው ነን! ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ ሙሉ ቀን። አባት ለሽማግሌዎች ስብሰባ፣ እናት ለመዘምራን፣ ልጅ ለወጣቶች፤ ሦስቱም በአንድ ግቢ፣ በሦስት አዳራሽ። «ቤተሰቡ ሁሉ አገልጋይ ነው» ብለን እናጨበጭባለን። አንድ ገበታ ላይ የሚቀመጡት መቼ ነው?

«ልጅን ማዳመጥ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚል አይጠፋም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ልጁን ልቅ ልቀቁት አላሉም። ዲያና ባውምሪንድ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባጠናቻቸው ቤተሰቦች፣ ራስን በመግዛትና ከሰው ጋር በመግባባት የተሻሉት ልጆች ጥብቅ ሥርዓት ከፍቅርና ከውይይት ጋር ባለበት ቤት ያደጉት ነበሩ። ደግሞስ ሉቃስ 2 የማን ትምህርት ነው? ማርያም የ12 ዓመት ልጇን በሦስተኛው ቀን ስታገኘው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀችው። እርሱም መለሰላት። መልሱ አልገባቸውም፤ እናቱ ግን ነገሩን በልቧ ያዘችው። ይታዘዝላቸው እንደነበር የተጻፈው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

እኛ ቤት የማይናገር ልጅ «ጨዋ» ይባላል። አባቱን በአክብሮት «አይመስለኝም» ብሎ የማያውቅ ልጅ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ እሺ ማለትና መዋሸት። ጓደኞቹ ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ሺሻ ሲያቀርቡለት እምቢታን ከየት ያመጣዋል?

እናንተም ገና አታጨብጭቡ። እናት «እንዴት ዋልሽ?» ስትል «ደህና» ብሎ በር መዝጋት፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ገበታ መቅረብ፣ ከዚያ በጸሎት ርእስ ወረቀት ላይ «ወላጆቼ አይረዱኝም» ብሎ መጻፍ አለ። በየሳምንቱ አነብበዋለሁ።

ለሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በወር አንድ ቅዳሜ ምንም ፕሮግራም አይኑር፣ ሁሉም ቤቱ ይዋል። «አገልግሎቱ ይቀዘቅዛል» ተባልኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አቀርበዋለሁ።