የቤተ ሰብ ምክር፤ ታጣፊ መጋዝ ለመግዛት ለሚያስቡ

ክረምቱ ዐልፎ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ የተነሡ ወጣቶች ድንኳን ተሸክመው ወደ ወንጪ ሐይቅ ሲወጡ እናያለን። ስፍራው ደጋ ነው፤ ከፍታውም ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ሌሊቱ ያለ እሳት አይገፋም። ስለዚህ ወላጆች «ለልጃችን መጥረቢያ እንስጠው ወይስ ያንን የሚታጠፍ መጋዝ እንግዛለት?» ብለው ደጋግመው ይጠይቁናል። በዚህ ወር ለዚሁ ጥያቄ የምናውቀውን ያህል እንመልሳለን።

ቀድሞ አዳኝም ሆነ መንገደኛ ወደ ዱር ሲወጣ መጥረቢያና ገጀራ ይዞ ይሄድ ነበር። ዛሬ አደን ያለ መንግሥት ፈቃድ የተከለከለ ስለሆነ፣ በዱር የሚያድር ሰው እንጨት የሚቈርጠው ለማገዶና ለድንኳን ካስማ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ መጥረቢያ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የደከመ ልጅ በምሽት ሲወነጭፈው ከእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ቅልጥሙን ሊመታው ይችላል። መጋዝ ግን ካኖሩበት ስፍራ አይርቅም፤ ታጥፎም በኪስ ወይም በአነስተኛ ከረጢት ይያዛል።

ሆኖም የሚታጠፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚመረመረው መቈለፊያው ነው። ከቤተ ዘመዶቻችን አንዱ ወጣት በርካሽ የገዛው መጋዝ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲገዘግዝ በድንገት ታጥፎ ሁለት ጣቶቹን ቈርጦበታል። ቍስሉ ድኗል፤ አንደኛው ጣቱ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፍም። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ሳላችሁ መጋዙን ዘርጉት፤ ከቈለፋችሁትም በኋላ የብረቱን ጀርባ በጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ማጠፊያው ወደ ጎን ከተወዛወዘ ተዉት። ተዘርግቶም ታጥፎም የሚቈለፍ ከሆነ ይልቁን የተሻለ ነው፤ በከረጢት ውስጥ ራሱን ከፍቶ እጅ አይበላምና።

ሁለተኛው ጥርሱ ነው። ሰፋፊ ጥርስ እርጥብና ለስላሳ እንጨት ቶሎ ይቈርጣል፤ ደቃቅ ጥርስ ደግሞ እንደ ወይራ ላለው ደረቅና ጠንካራ እንጨት ይስማማል። እንደ ሲልኪ ያሉት የጃፓን መጋዞች የሚቈርጡት ወደ ራስ ሲሳቡ ስለሆነ ብረታቸው ስስ ቢሆንም አይጐብጥም፤ ወደ ፊት በኀይል የገፋቸው ሰው ግን ያጣምማቸዋል። ላፕላንደር የተባለው የባህኮ መጋዝ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረት አለው፤ ተዘርግቶም ታጥፎም ይቈለፋል። የጥርሱ ጫፍ ጠቈር ብሎ ከታየ በሙቀት የጠነከረ ነውና ሞረድ አይበላውም፤ እንዲህ ያለውን ስትገዙ ብረቱ የሚለወጥ መሆኑን ጠይቁ።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ብረቱ ከሚቈረጠው እንጨት ውፍረት ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። አንድ ስንዝር የሚያህል ብረት ክንድ የሚያህለውን ቅርንጫፍ በደህና ይቈርጣል። ከዚያ የወፈረውን ለመቍረጥ መታገል አያስፈልግም፤ ለአንድ ሌሊት እሳት እርሱ ይበቃልና።

ሥራው ሲጀመር በዝግታ ይሁን። ጥርሱ መንገድ ሳይዝ በኀይል የሚስብ ሰው መጋዙ ዘሎ የያዘበትን እጅ ያገኘዋል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ። እንጨቱን የያዘው እጅ ከመጋዙ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከሥራ በኋላም ሙጫውን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ ብረቱን ዘይት ቀብቶ ማኖር ከዝገት ይጠብቀዋል።

የመጨረሻው ምክራችን መጋዙ ምን እንዲቈርጥ እንደሚገባ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በአዲስ ዓለም፣ አዲስ ከተማ ማሠራት የጀመሩት በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ እያለቀ ስለ ሄደ ነበር። ኋላ ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ችግሩን ስላቃለለው ዋናው ከተማ ሳይነሣ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ የሐበሻ ጥድ ግን አያቈጠቍጥም። በጊንጪ አጠገብ በጭሊሞ ደን ወይም በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ የቆመ ጥድ ቢቈረጥ፣ በቦታው ሌላ ተተክሎ ያንኑ እስኪያህል የቈራጩ የልጅ ልጆች ያረጃሉ።

እንግዲህ ለልጃችሁ መጋዝ ስትሰጡት ይህን ቃል ጨምሩለት፤ የወደቀውንና የደረቀውን ብቻ ቍረጥ፤ ባለቤት ወይም ጠባቂ ካለው አስቀድመህ ጠይቅ፤ ስትመለስም እሳቱን በውኃ አጥፍተህ፣ ዐመዱን በእጅህ ዳሰህ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጥ አትነሣ። መልካም መጋዝ ጣቱን ይጠብቅለታል፤ ይህ ምክር ደግሞ ደኑን።