«አንቺ እናቴ አይደለሽም» ያልኳትን እህቴን በምን ልታረቃት?

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ገርጂ ነው። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟ እንዳይገለጽ ጠይቃናለች፤ እኛም ቃሏን እንጠብቃለን። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እነሆ፦

«እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ፀጉሬን እየሠራች፣ ደብተር እየገዛች፣ ትምህርት ቤት ‹ወላጅ አምጪ› ስባል ከሥራዋ እያስፈቀደች መጥታ ለዚህ አድርሳኛለች። አሁን አግብታ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ጥቅምት ላይ የልጇን ልደት ስታከብር፣ የባሏ ዘመዶች በተሰበሰቡበት፣ ስለ አለባበሴ ተናገረችኝ። እኔም ደሜ ፈላና ‹አንቺ እናቴ አይደለሽም!› ብዬ ጮህኩባት። ቤቱ ጸጥ አለ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ይኸው አሥር ወር ሆነን። ስደውል አታነሳም። በቴሌግራም ‹ይቅርታ› ብዬ ጻፍኩላት፤ አይታዋለች፣ መልስ ግን የለም። ለእንቁጣጣሽ ካርድ ልልክላት ብዬ ቦሌ አንድ የስጦታ ዕቃ ቤት ገባሁ። ካርዶቹ ያምራሉ፣ ግን ጽሑፋቸው እንግሊዝኛ ነው፣ ለማንም ሰው ቢሰጡ ያስኬዳሉ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ቀጫጭን ወረቀት እየጠቀለለች ከካርዱ ላይ ብድግ ያለ አበባ ስትሠራ አየሁ። እኔስ በእጄ ልሥራላት? ወይስ በዚህ ዕድሜዬ ወረቀት ቆርጦ መላክ ፋራ ያስብለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ የጨነቀሽ ነገር ካርዱ አለመሆኑን እኔም አንቺም እናውቃለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አንቺ ግን የወጋሽው ራስሽ ሆነሽ አልረሳሽውም፤ ይህ ለዕርቁ ትልቅ ነገር ነው። የካርዱን ጥያቄሽን ለመመለስ ያህል፣ አዎ፣ በእጅሽ ሥሪላት። ፋራነቱን ለጊዜው እንተወውና ለምን በእጅሽ እንዳልኩ ልንገርሽ።

በቴሌግራም የላክሽው «ይቅርታ» አራት ፊደል ነው። ለመጻፍ የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው፣ እሷም ይህን ታውቃለች። ታክሲ ውስጥ ቁመሽ ጻፍሽው፣ አልቅሰሽ ጻፍሽው፣ በምን ትለየው? በየእንቁጣጣሹ ስልካችን ላይ የሚጎርፈው የአበባ ሥዕልስ ቢሆን? አንዱ ለአንዱ ሲያስተላልፈው ውሎ ያድራል፣ ማን እንደላከው እንኳ ልብ የሚል የለም።

የታተመ ካርድም ቢሆን ታሪኩ ከጊዜ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የገና ካርድ የሚባለው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 የወጣ ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ለበዓል ለሚደርሰው ደብዳቤ ሁሉ በእጁ መልስ ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥረው፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ሥዕል አሠርቶ 1,000 ያህል ካርድ አሳተመ። የተረፈውንም በአንድ ሺሊንግ ሂሳብ ለገበያ አወጣው። ብልህ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። አንቺ ግን ለእህትሽ ልትነግሪያት የፈለግሽው «ጊዜ አጥቼ ነው» የሚል አይደለም። ተቃራኒው ነው።

ፋራነቱን በተመለከተ ደግሞ በእጅ የተሠራ የእንቁጣጣሽ ካርድ ከማንም የተኮረጀ አይደለም። የሰፈር ወንዶች ልጆች ፀሐይና አበባ፣ መልአክም ሥለው በየቤቱ እያንኳኩ «እንቁጣጣሽ» ሲሉ ያላደገ አዲስ አበቤ አለ? ሴቶቹ አደይ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ሰጥተው ሳንቲም ወይም ድፎ ዳቦ ይቀበላሉ። ወረቀት ጠቅልሎ አበባ የማውጣቱ ጥበብም የአውሮፓ ትልልቅ ሰዎች ሥራ ነበር። «ኩዊሊንግ» ይሉታል። በገዳም ያሉ መነኮሳይያት ከመጽሐፍ ጠርዝ የተከረከመ ወርቅ ቅብ ወረቀት በላባ ብዕር ላይ እየጠቀለሉ የቅዱሳን ሥዕል ያስጌጡበት እንደነበር ይነገራል፣ ስሙም የመጣው ከዚያው ከላባው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ ባለጸጋ ሴቶች ይውሉበት ነበር። ስለዚህ ፋራ የሚልሽ ካለ «አንተ ነህ ፋራ!» በይልኝ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ወጪ የለውም፤ ከመገናኛ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጮች ሁሉንም ታገኛለሽ። አንድ ነጭ ጠንካራ ኤ ፎር ወረቀት (ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ተራው 80 ግራም ነው፣ የካርዱ 200 ግራምና ከዚያ በላይ ይሁን)፤ አንድ ቢጫ፣ አንድ ብርቱካናማ፣ አንድ አረንጓዴ ስስ ወረቀት፤ ነጭ ኮላ፤ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ መቀስና ስቴኪኒ። ከቤት ደግሞ የጫማ ካርቶን፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና የለስላሳ ቆርኪ ፈልጊ።

አሠራሩ

ሥራውን በሦስት ምሽት ክፈይው። በአንድ ሌሊት ልጨርስ ያለች እጇም ካርዱም በኮላ ይጨማለቃል።

በመጀመሪያው ምሽት ነጩን ወረቀት መሐሉ ላይ እጠፊው። ከማጠፍሽ በፊት ማስመሪያውን አስደግፈሽ ቀለም በሌለው እስክሪብቶ መስመሩን ጫን ብለሽ አስምሪው፣ ያኔ እጥፋቱ ሳይሰነጠቅ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ ቢጫውን ወረቀት በቁመቱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቁረጪው። ከአንድ ኤ ፎር 42 ጥብጣብ ይወጣል፣ የእያንዳንዱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከብርቱካናማው ሦስት፣ ከአረንጓዴው አምስት ስድስት ይበቃል።

በሁለተኛው ምሽት መጠቅለል ነው። የስቴኪኒውን ጫፍ በምላጭ ትንሽ ሰንጥቂው። የጥብጣቡን ጫፍ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተሽ እስከ መጨረሻው አጥብቀሽ ጠቅልይ። ከዚያ ከስቴኪኒው አውጥተሽ ቆርኪው ውስጥ ጣል አድርጊውና ልቀቂው፤ ራሱን ዘርግቶ የቆርኪውን ሆድ ይሞላል። ቆርኪው ያስፈለገው ጥቅልሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ እንዳይሆኑብሽ ነው። የጥብጣቡን ጫፍ በነጥብ ኮላ ካጣበቅሽ በኋላ በአንድ በኩል በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጊው፣ የእንባ ዘለላ ይመስላል። ይህ አንድ የአደይ ቅጠል ሆነ ማለት ነው። አደይ አበባ ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠል ስላላት ለሦስት አበባ 24 ትጠቀልያለሽ። የቀሩት 18 ጥብጣቦች ለሚበላሽብሽ ናቸው፣ ደግሞ ይበላሻል! ብርቱካናማዎቹን ሦስቱን ሳትለቂ ጥብቅ እንዳሉ አጣብቂያቸው፤ የአበባው መሐል ናቸው።

በሦስተኛው ምሽት ማጣበቅ ነው። ከተረፈው ብርቱካናማ ወረቀት ሦስት ክብ ቁረጪ፣ ወርዳቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። በእያንዳንዱ ክብ ላይ ስምንቱን ቅጠሎች ሹል ጫፋቸውን ወደ መሐል አድርገሽ ደርድሪ፣ መሐሉን በብርቱካናማው ዝጊው። ግንዱን በአረንጓዴ ጥብጣብ ትሠሪያለሽ፤ ነገር ግን ጥብጣቡን አታስተኚው፣ በጠርዙ አቁመሽ ለጥፊው። አሁን ከጫማ ካርቶኑ አንድ በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ቁረጪ። የመጀመሪያውን አበባ በቀጥታ ካርዱ ላይ፣ ሁለተኛውን ከሥሩ አንድ ካርቶን፣ ሦስተኛውን ሁለት ካርቶን ደርበሽ አስቀምጪ። አንዱ የሌላውን ጫፍ ትንሽ ይሸፍነው። ያኔ አበቦቹ ብድግ ብድግ ብለው ጥላቸው ካርዱ ላይ ያርፋል። የዚህ ዓይነት ካርድ ውበቱ ጥላው ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ኮላውን በስቴኪኒ ጫፍ እንጂ ከጠርሙሱ አታፍስሺ፤ ከበዛ ወረቀቱን ያኮማትረዋል። ደግሞም ነሐሴ ነው፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ኮላው ቶሎ አይደርቅም። ሌሊቱን ሙሉ ተይው፤ ይጠፍጠፍ ብለሽ ግን መጽሐፍ እንዳትጭኚበት፣ የሦስት ቀን ልፋትሽ ገደል ይገባል።

ውስጡ ምን ይጻፍ?

ዋናው እዚህ ላይ ነው። አበባው የቱንም ያህል ቢያምር ውስጡ «መልካም አዲስ ዓመት» ብቻ ከሆነ እህትሽ የምታነበው «ያልኩሽን ረስቼዋለሁ» የሚል ነው። ያልሻትን ነገር በስሙ ጥሪው። በራስሽ አነጋገር ይሁን እንጂ ለምሳሌ ያህል፦ «እቴቴ፣ በዚያን ቀን በሰው ፊት እናቴ አይደለሽም ብዬሻለሁ። ፀጉሬን የሠራሽኝ፣ ወላጅ ሲጠራ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

አራት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። «ግን» የምትለዋ ቃል እንዳትገባ አደራ! «ግን አንቺም በሰው ፊት ባትናገሪኝ...» ካልሽ ካርዱ የክስ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። አለባበስሽን በሰው ፊት ማንሳቷ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም፤ እሱ ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ቡና ስትጠጡ የምታነሺው ነገር ነው። «መልስሽን እጠብቃለሁ» ብለሽም አታስጨንቂያት።

እንዴት ይድረሳት?

በፖስታ ቤት አትላኪው። ብድግ ያለ ካርድ በተራ ፖስታ ሲሄድ ይደፈጠጣል፤ ደብዳቤ ደግሞ በአብዛኛው የሚደርሰው ለፖስታ ሣጥን እንጂ ለቤት አይደለም። ባዶ የብስኩት ካርቶን ውስጥ አድርገሽ፣ በጳጉሜን መጀመሪያ ከመገናኛ የአያት ታክሲ ያዢ። ለምን በዋዜማው ወይም በበዓሉ ቀን አልሆነም? ያኔ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ እሷም ዶሮ ከመሥራት ፋታ የላትም። ብቻዋን ሆና እንድታነበው፣ እንድታለቅስም ከሆነ እንድታለቅስ ጊዜ ስጫት። በሩን ከከፈተችልሽ በእጇ ስጪያት፣ ካልከፈተች ለባሏ ስጪና ተመለሺ። በሩ ላይ አትከራከሪ።

ካርዱን ሰጠሁ ብለሽ ደግሞ ነገሩ አለቀ እንዳትዪ። የተሰደበችው በአማቶቿ ፊት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እነዚያ ሰዎች ያንን ቃል ይዘው ነው ከዚያ ቤት የወጡት። እንግዲህ ብቻዋን ይቅርታ ብትጠይቂያት የእሷ ልብ ይሽር ይሆናል፣ ክብሯ ግን እነሱ ፊት እንደወደቀ ነው። ከታረቃችሁ በኋላ በእንቁጣጣሽም ሆነ በመስቀል እነዚያው ዘመዶች በተገኙበት አንድ ጊዜ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት» በይ። ቅር ያለሽ እዚህ ላይ ከሆነ፣ እውነተኛው ይቅርታ የሚከብድሽ ይኸኛው መሆኑን እወቂ፤ ካርዱ ቀላሉ ነው።

ካርዱ ደርሷት ዝም ካለችስ? ሁለተኛ ካርድ አትሥሪ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ ትልቅ የሆነ ዘመድ ፈልጊ፤ አክስት ካለች አክስት፣ ከሌለች የእናታችሁን ጎረቤት ሽማግሌ አድርገሽ ላኪ። የአሥር ወር ቂም በሦስት ምሽት ወረቀት ይፈታል ብዬ አልዋሽሽም። ነገር ግን ሽማግሌዋ ስትሄድ ያ ካርድ እዚያ ቤት አለ። የጣለችው ካልሆነ በቀር ከቡፌው ላይ ሆኖ ያያታል።

የነሐሴ ቀናት አልቀው ጳጉሜን ሳትገባ መቀሱን አንሺ። ሌሎቻችሁም «እኔስ ማንን አስቀይሜያለሁ?» ብላችሁ አስቡ፤ ከአንድ ቢጫ ወረቀት 42 ጥብጣብ ይወጣል ብለናል። እንዴት እንደሆነልሽ ደግሞ ጻፊልን።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።