ታያለች እየተባለ እስከ መቼ?

በአማራ ክልል፣ ከጣራ ገዳም ሥር ባሉት የሊቦ ከምከም ቀበሌዎችም ሆነ ጉና ጥግ በፋርጣ፣ አንዲት ሴት ዐይኗ እስካልጠፋ ድረስ ታመመች አትባልም። እንባዋ ሲወርድ ቢውል፣ ፀሐይ ሽሽት ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ብትጎትት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ብታድር «ታያለች» ይባላል። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የዐይን ማዝ፣ ትራኮማ ነው። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ በዐይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው እየተኮማተረ ሲሄድ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዐይኑን ይፍቃል። ዐይን በተርገበገበ ቁጥር፣ ቀን ከሌት፣ ለዓመታት። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ100 አዋቂዎች 5ቱ ያህል ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ተገኝቷል። ሴቶች ይብሳሉ፤ በሽታው የሚመላለስባቸውን ሕፃናት አቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸውና። የምድጃው ጭስ ደግሞ ሥቃዩን ያባብሰዋል።

የእንዲህ ያለች ሴት መድኃኒት ወረንጦ ነው። ልጅ ሳለሁ ዐይኔ ጥሩ ነው ተብሎ የአክስቴ ሽፋሽፍት ነቃይ እኔ ነበርሁ። ደጃፍ ላይ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ትቀመጣለች። የዐይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ እንባ ያራሰውን ጸጉር እፈልጋለሁ። የወረንጦው ጫፍ በደንብ ስለማይገጥም ጸጉሩን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጉቶ ከሙሉው ጸጉር የባሰ ይወጋል። «ደግመሽ እይልኝ የኔ ልጅ፣ አሁንም ይቆረቁረኛል» ትላለች። ጸጉሩ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል።

ሕክምና ሄደች። ጣት አሳዩዋት፤ በትክክል ቆጠረች። «በደንብ ያያሉ እኮ እማማ፤ ሲብስብዎ ይምጡ» ብለው መለሷት። ሲብስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነገራት የለም። ጥቁሩ የዐይን ክፍል ጠባሳ ከያዘ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ቆቡን ይመልሳል እንጂ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም!

ጸጉር ማንሳት ሌላ ቦታ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የብብትና የአገጭ ጸጉር በሌዘር የሚያነሱ ክሊኒኮች ብዙ ናቸው። ጥቅሙን አልቃወምም። ሌዘር የጸጉሩን ጥቁር ቀለም ተከትሎ ሥሩን ስለሚያቃጥል ዐይን አጠገብ አደገኛ ነው፤ ለአክስቴ አይሆንም። የምፈልገው ሌላ ነው። እነዚያ ክሊኒኮች ውስጥ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ዐይን ይሸፈናል፣ «ያምሻል?» ተብሎ ይጠየቃል። ለውበት የመጣችው ይህን ያህል ከታሰበላት፣ ለዓመታት ስትወጋ የኖረችው እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አትጠየቅም?

«ማስረጃ የለም» የሚለኝ ካለ፣ ማስረጃው አለ። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት የተሠራው እዚሁ አማራ ክልል ነው፤ ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ሰዎች እይታቸው ሳይቀንስ እንኳ ኑሯቸው እንደሚጎሳቆል አሳይቷል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ጥቂት ጸጉር ብቻ ከታጠፈባቸው 1,300 ሰዎች ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና ታከሙ፤ ለቀሩት ጫፉ የሚገጥም ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ ከቤተሰብ ዐይኑ የሚያይ ሰው አነቃቀሉን ተማረ። ጸጉሩ እንዳይመለስ በማድረግ ቀዶ ሕክምናው በለጠ፤ ከ2 ዓመት በኋላ ግን በእይታ ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርሳት ለአንዲት ገበሬ ደህና ወረንጦ መስጠትና ልጇን ማሠልጠን ማንን ያቅተዋል?

ደግሞ አገር የሚመዘንበት ቁጥር አለ። በአንድ አገር ትራኮማ የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ ቀረ ለመባል፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 1,000 ሰዎች ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበትና ጤና ተቋም የማያውቀው ከ2 ማነስ አለበት። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ደርሳበታለች፤ እኛም እንድንደርስ እመኛለሁ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የፈራች ወይም ተሠርቶላት የተመለሰባት ሴት «የታወቀች» ናት ተብላ ከዚህ ቁጥር ትወጣለች። ከመዝገቡ ወጣች እንጂ ከሥቃዩ አልወጣችም! መመለሱ ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ የአማራ ክልል ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን ሲያወዳድር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በተሻለው ከ100 በ13ቱ፣ በሌላው በ22ቱ ዐይን ላይ ጸጉሩ ተመልሶ ነበር። የተሠራላትን ሴት ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚያያት ያስፈልጋል። በጦርነት ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መዝገቡንም ወረንጦውንም ልትይዝ ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው በዘመቻ በነፃ ይሰጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። እንጀራ የሚጋግርላት፣ ከብት የሚያግድላት ለሌላት ሴት ግን ነፃ አይደለም። ባሏ፣ ወንድ ልጇ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው፤ ዐይኗ ታሽጎ በተመለሰች ቀን ወጡን እናንተ ሥሩ፣ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ምድጃው አጠገብ አታድርሷት።