በኮንትራት የሚሠራ ባለሙያ ይፈተን ወይስ አይፈተን?

ሹፌር የሚቀጥር ሰው መሪውን አስይዞ ጥቂት መንገድ ሳያስነዳ መኪናውን አያስረክብም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ «አስቀድመህ አንድ ኮት በነፃ ስፋልኝና እጅህን ልይ» የሚል ግን መሳቂያ ይሆናል። በኮንትራት የሚሠራ ባለሙያ፣ ለምሳሌ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ፣ ለሥራ ሲያመለክት የሙያ ፈተና ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለው ክርክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የወደቀ ይመስለናል።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜያችን አይደለም። ለሦስት ወር ኮንትራት ያመለከትንበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ከነሙሉ ማብራሪያው ሠርተን በሰባት ቀን እንድናቀርብ አዘዘን። ሌሊቱን በቡና ኃይል ተቀምጠን ሠርተን ሰጠን። «ደርሶናል» ያለን እንኳ የለም። ሥራችን ከመዝገብ ቤት ይደር ወይም በአንዱ ጠረጴዛ ላይ አገልግሎት ይስጥ፣ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ይሁን እንጂ በዚህ ተቆጥተን ፈተና ጨርሶ ይቅር አንልም። አሠሪው የሚፈራው እውነተኛ ነገር አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ለቋሚ ሠራተኛ መልካም መመዘኛ ነው። የሦስት ወር ኮንትራት ግን ሙከራው ሲያልቅ እርሱም ወደ ማለቁ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

እንዴት ይታይ? ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሥራው ቆርሶ ማሠራት ከመምረጫ መንገዶች ሁሉ ከፊተኞቹ አንዱ ሆኖ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና ሲመረምሩት ግን ግምቱ ዝቅ አለና፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በሥርዓት የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ቀደመው። እንግዲህ በደንብ የታሰበበት የአንድ ሰዓት ጥያቄ የሚያሳየውን ለማየት ሰውን ሳምንት ማልፋት ለምን ያስፈልጋል?

የፍሎሬንስ ሰዎች በ1401 እ.ኤ.አ. ለማጥመቂያ ቤታቸው የነሐስ በር የሚሠራ ባለሙያ ሲፈልጉ ሰባት ሰዎችን አወዳደሩ። የይስሐቅን መሥዋዕት የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ እንዲሠሩ ነሐሱን ሰጥተው አንድ ዓመት ፈቀዱላቸው። ያሸነፈው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ሎሬንዞ ጊቤርቲ ሲሆን በሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት። ለሃያ ዓመት ሥራ የአንድ ዓመት ፈተና፣ ያውም ነሐሱ ከአሠሪው! በእኛ ጊዜ ግን ለሦስት ወር ሥራ ሰባት ቀን፣ ኢንተርኔቱም ከአመልካቹ ኪስ። ሒሳቡን አንባቢ ያስላው።

«በነፃ መፈተንን የሚጠላ ሰው ኩራተኛ ነው» የሚሉ አለቆች አሉ። ነገሩ የኩራት አይደለም። የኮንትራት ሠራተኛ የሚሸጠው ዕቃ ቀኑ ነው። በእጁ ሥራ ያለው ባለሙያ ሳምንቱን ሊሰጥ አይችልምና ሳይከራከር ወደ ሌላው በር ይሄዳል፤ የሚቀረው ሥራ የፈታው ወይም ቤተሰቡ የሚቀልበው ነው። መሥሪያ ቤቱ መረጥሁ ሲል ምርጫውን ራሱ አጥብቦታል።

በእኛ አስተያየት ፈተናው ከሁለት ሰዓት ባይበልጥና አብሮት የሚሠራው ባለሙያ አጠገቡ ቢቀመጥ ይበቃል። ቀድሞ የሠራውን ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ በዚያው ላይ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የሰው ሥራ ይዞ የመጣ እዚያው ላይ ይንተባተባል። ከዚህ የረዘመ ነገር የሚፈልግ አሠሪ የቀኑን ይክፈል፤ ካልቀጠረውም ሥራውን አይጠቀምበት።

በየቅጥር ኮሚቴው የምትቀመጡ ወጣት ሹማምንትም ላላለፈው ሰው አንድ መስመር ደብዳቤ ጻፉለት። እኛ የእኛን እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።