ሳይቀላ አትክፈቱ

ወንድሞቼ፣ በሽማግሌ ሸንጎአችን፣ በሶንጎው ጥላ ሥር አብረን የተቀመጥን፣ ፀጉራችን አብሮ የሸበተ፦ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። ልጅ ያየውን ነው የሚሠራው። የምናገረው ለእኛ ነው፤ የቡና መፈልፈያ ላቆምን፣ ሚዛን ለያዝን፣ ክረምት ሲጠና ገንዘብ ለምናበድር።

መስከረም ተገባዷል። በዲላ ዙሪያና በወናጎ ዝቅ ባለው መሬት ፍሬው እዚህም እዚያም ቀልቷል። ወደ ቡሌና ወደ ገደብ ከፍታ የወጣ ሰው ግን የሚያየው ገና ቅጠሉን የመሰለ አረንጓዴ ነው። እኛ ግን ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ሳምንት ልንከፍት ሞተር እየሞከርን ነው። አንዱ ስለከፈተ ሌላው ይከፍታል፤ ማንም ፍሬውን አይቶ አልወሰነም።

ገበሬው ለምን እንደሚቸኩል አውቃለሁ። እህል በተወደደበት ወር ተበድሯል፤ ልጅ አስመዝግቧል፤ ሌሊት ማሳው ውስጥ የሚገባ ሌባ አለ። እሱን አልወቅሰውም። ብድሩን «ቡናው ሲደርስ» ብለን ሰጥተን ቡናው ሳይደርስ የምንቀበለው እኛ ነን። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ የምናፈሰውን ግን መልሶ የሚለቅምልን የለም።

አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል። በውስጡ እፍኝ አረንጓዴ ከገባ መፈልፈያው በደንብ አያላቅቀውም፤ ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ቢያድር አይበስልም፤ አልጋ ላይ ቢሰጣ ፀሐይ አይፈውሰውም። ሲቆላ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ሲጠጣም ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ቀማሹ ደግሞ የማንን ማሳ እንደቀመሰ አያውቅም፤ የሚያውቀው ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ነው።

ያ ስም በነፃ አልመጣም። ገበሬዎቻችን በ1994 ዓ.ም. ዩኒየን አቋቁመው ቡናቸውን ራሳቸው ለውጭ ገዢ ማቅረብ ጀመሩ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን በይርጋጨፌ፣ በሲዳሞና በሐረር ስሞች ላይ ያላትን መብት ይዛ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ ተስማማች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ቡናውን ከእንሰትና ከዛፍ ጋር አስማምቶ ያኖረው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ስሙን ከባዕድ ጠብቀናል፤ ከራሳችን ችኮላስ ማን ይጠብቀው?

ያልተሟላ ነገር ለገበያ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ከሩቅ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ፎርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ኤድሰል የተባለች አዲስ መኪና በታላቅ ማስታወቂያ አወጣ። ገበያው በዚያ ወቅት እየቀዘቀዘ ነበር፤ ዕቃ የጎደላቸው መኪኖችም ሻጭ ቤት ደረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምርቱ ቆመ። ፎርድ ግን ሌሎች መኪኖች ነበሩትና ተረፈ። እኛ ሌላ ምን አለን?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ዓመት ጎረቤት ቀደመኝ ብዬ ከጊዜው በፊት ከፈትኩ። ቡናዬ ሲቀመስ ደረጃው ወረደ፤ እሱስ ይሁን። የጎዳኝ ሌላ ነው፦ የቀላውን ብቻ ለቅማ፣ በቅርጫት ተሸክማ፣ ተራራ ወርዳ ያመጣች ሴት እሸቷ ከዚያው አረንጓዴ ጋር ተደባልቆ በእኩል ዋጋ ተከፈላት። በሚቀጥለው ዓመት እሷም ቅርንጫፉን ላጭታ መጣች። ጥንቃቄን ያስተማራት አባቷ ነበር፤ ያስረሳኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመክፈቻው ቀን በየጋራው ይለያይ፤ ወናጎ ሲከፍት ገደብ ይታገሥ። ሽማግሌዎች ማሳ ገብተው ፍሬውን በጣት ይጫኑት፤ ዘሩ ሾልኮ ወጥቶ ጣት ላይ የሚጣብቅ ጣፋጭ ካልተወ ሞተር አይነሳ። ሚዛን ላይ አረንጓዴ ይለቀም፤ የቀላ ብቻ ላመጣ ብልጫ ይከፈል። የክረምቱ ብድር እስከ ኅዳር ይታገሥ። ማሳውን ሌሊት በተራ እንጠብቅ፤ ሌባ የፈራ ሰው ጥሬ ይለቅማልና።

«እኔ ብዘገይ ሌላው ይወስደዋል» የምትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ ብቻውን የዘገየ ይከስራል። ለዚህ ነው በየቤታችሁ ሳይሆን በሶንጎው የተናገርኩት። የመፈልፈያዬ ቁልፍ ይኸው፣ መሐል አስቀምጬዋለሁ። ፍሬው ታይቶ እስክትሰጡኝ ድረስ አላነሳውም። የእናንተንም ከጎኑ አኑሩ።