ወርቅ ላበደረ ጠጠር?

የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ የተዛወረው በ172 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሃያ ዓመቱ ፈቃድ አብቅቶ በ2010 ዓ.ም. ለተጨማሪ አሥር ዓመት መታደሱ ሲሰማ የጉጂ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። ኬሚካሉ ሰውና ከብት ጎድቷል፣ ከወርቁም የተረፈን የለም ሲል አቤት አለ። ኩባንያው ጉዳት አላደረስኩም ቢልም ማዕድን ሚኒስቴር በዚያው ግንቦት ፈቃዱን አገደ። ሥራው ዳግም የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

በእነዚያ ዓመታት አገር ዶላር፣ ሠራተኛ እንጀራ፣ ባለሀብቱም ገበያ አጥቷል። የሻኪሶ አርሶ አደርና አርብቶ አደርስ? ድርሻ ያልነበረው ሰው ማዕድኑ ቢዘጋ ምን ይጎድልበታል?

ኩባንያ ግብርና ሮያሊቲ ከከፈለ ዕዳ የለበትም የሚሉ አልጠፉም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት ከትልልቅ ማዕድን የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው። ይሁንና ገንዘቡ በጀት ውስጥ ገብቶ ከተቀላቀለ፣ ለጉድጓዱ ጎረቤት ለሆነው ቀበሌ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የአካባቢው ድርሻ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ይጻፍ፤ የተከፈለው ብር በየሩብ ዓመቱ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ውሃውንና አፈሩንም ከኩባንያው ገለልተኛ የሆነ ወገን ይመርምር፤ ጤና በገንዘብ አይካካስምና።

ወርቁ በግራም ይመዘናል። የባለአገሩ ድርሻ ግን እስከ መቼ በግምት ይነገር?