የባሪያው ደወልና የወይን ቅምሻው

ጆሃንስበርግ ዘመድ ያለው ሰው ለዕረፍት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሻገር የሚጠብቀው ጉዞ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ሶዌቶንና የአፓርታይድ ሙዚየምን ይጎበኛል፤ መኪና ይከራያል፤ ኤን ዋን በተባለው አውራ ጎዳና የካሩን ደረቅ ምድር አቋርጦ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይነዳል፤ ፓርል፣ ፍራንሽሁክና ስቴለንቦሽ ላይ እየቆመ ወይን ጠጅ ይቀምሳል፤ በመጨረሻም ኬፕታውን ገብቶ በጀልባ ወደ ሮበን ደሴት ይሻገራል። ወዳገሩ ሲመለስ በከተሞቹ ስላየው ግፍ ራሱን እየነቀነቀ ያወጋል፤ ስለ ወይኑ አገር ሲጠየቅ ግን ፊቱ ይፈካል። «ገነት ነው!» ይላል።

የእኔ ሙግት ከዚህች «ገነት» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ጉዞውን አልነቅፍም፤ ወይን ጠጁንም አልነቅፍም፤ ራሴም ቀምሼ አድንቄዋለሁ። የምነቅፈው ከተማውን የታሪክ ቦታ፣ የወይን እርሻውን ደግሞ ከታሪክ የማረፊያ ቦታ አድርጎ አገሩን ለሁለት የሚከፍለውን ልማድ ነው።

የዘመኑን ቅደም ተከተል እንመልከት (አቆጣጠሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ያን ቫን ሪቤክ ኬፕ ላይ የሰፈረው በ1652 ነበር። በ1658 ከአንጎላና ከዳሆሚ ጠረፍ የተጋዙ ባሪያዎችን የጫኑ ሁለት መርከቦች ደረሱ። በ1659 የመጀመሪያው የኬፕ ወይን ተጨመቀ። ባሪያውና ወይኑ እንግዲህ የአንድ ዓመት ታላቅና ታናሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጡ ሰዎች ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ያን ምድር ቆፈሩ፤ ወይኑን ገረዙ፤ ለቀሙ፤ ጨመቁ። አስጎብኚው ግን ፍራንሽሁክ ሲደርስ በ1688 ስለመጡት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ስደተኞች የየቤተሰባቸውን ስም ሳይቀር ሲተርክ ይውልና፣ እርሻውን ማን እንዳለማው ሲጠየቅ «ሠራተኞች» ብሎ በአንዲት ቃል ያልፈዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደወሉ ነው። በብዙዎቹ የጥንት እርሻዎች ግቢ፣ ነጭ ኖራ በተቀቡ ሁለት ምሰሶዎች መካከል የተንጠለጠለ ደወል ይታያል። የባሪያ ደወል ይሉታል። ገና ጎህ ሳይቀድ ባሪያውን ከመኝታው የቀሰቀሰው፣ ሲመሽ ከሥራው ያሰናበተው እሱ ነው፤ የሰውየው ዕድሜ የተለካው በዚያ ድምፅ ነበር። ዛሬ ሙሽሮች ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የእኛም ተጓዥ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ይነሣል። ይኸው ሰው በማግስቱ በሮበን ደሴት የማንዴላ ክፍል ፊት ቢሥቅ ኖሮ ራሱ ባፈረ ነበር። ደወሉ ሥር ለምን አያፍርም? ማንም ስላልነገረው ብቻ ነው? ወይስ ወይኑ ስለጣፈጠው ለመጠየቅ አልፈለገም?

«ባርነት ያለፈ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። ባርነት በ1834 በሕግ ተሻረ፤ ባሪያዎቹ ግን «ለማጅ» ተብለው እስከ 1838 በጌቶቻቸው ሥር ቆዩ። ከዚያም በኋላ «ዶፕ» የሚሉት ሥርዓት ቀጠለ፤ ይኸውም የሠራተኛውን ደመወዝ በከፊል በወይን ጠጅ መክፈል ነው። በቀን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ እየተሰፈረ ይታደል ነበር። በ1960ዎቹ ቢከለከልም በአንዳንድ እርሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ አልጠፋም። በማሕፀን ሳሉ በእናት መጠጥ የሚጎዱ ሕፃናት ከዓለም በብዛት ከተመዘገቡባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ምዕራባዊ ኬፕ መሆኑ ከዚህ ታሪክ የሚነጠል አይደለም። እንግዳው በደስታ ከፍሎ የሚቀምሰው መጠጥ ለሠራተኛው በደመወዝ ፈንታ የተሰጠው ዕዳ ነበር።

ደመወዙስ? ከጆሃንስበርግ ሲመጡ፣ ፓርል ከመድረስዎ በፊት፣ ኤን ዋን በሄክስ ሸለቆ ደ ዶርንስ የምትባል ከተማን ያቋርጣል። እውነት ለመናገር እዚያ የሚለቀመው ወይን በአብዛኛው ለመብል የሚላክ ፍሬ ነው። ሆኖም በ2012 መጨረሻ የእርሻ ሠራተኞች አድማ የተነሣው እዚያ ነው። የቀን ዝቅተኛ ደመወዛቸው 69 ራንድ ነበር፤ 150 ጠየቁ፤ አውራ ጎዳናው ተዘጋ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ በመጋቢት 2013 ደመወዙ 105 ራንድ ሆነ። በዚችው ከተማ በ2009 ሦስት ሺህ ያህል ዚምባብዌያውያን ከመኖሪያቸው ተባርረዋል። በሰው አገር ሱቅ ከፍቶ ለሚኖረው ወገናችን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

«ታሪኩ የእነሱ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ለሚለው ደግሞ ቢሾ ጃርሳን አስታውሰዋለሁ። በ1888 የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በቀይ ባሕር አካባቢ ከባሪያ ጀልባዎች ካስጣላቸው የኦሮሞ ልጆች አንዷ ነበረች። በኤደን በኩል ተሻግረው በ1890 በምሥራቃዊ ኬፕ ላቭዴል በተባለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የገቡት 64 ነበሩ። ነፃ ወጥተው ገቡ እንጂ ለወይን እርሻ አልተሸጡም፤ ይህን ማምታታት አልሻም። ነገር ግን የቢሾ ጃርሳ የልጅ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታስሮ፣ ኋላም በኬፕታውን የቋንቋ ሊቅ ሆኖ የኖረው። የእኛ ተጓዥ በጀልባ ተሳፍሮ የሚጎበኘው እስር ቤት የአገሩ ልጅ የልጅ ልጅ አሥር ዓመት ድንጋይ የፈለጠበት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ቱሪስት ከቀረ ሠራተኛው ሥራ ያጣል» ይላል። እስማማለሁ። ስለዚህ ይቅር አልልም፤ ይጠይቅ እላለሁ። ሠራተኞቹ የት ይኖራሉ? ቤቱ የማን ነው? ባለእርሻው ቢያባርራቸው ቤታቸውንም ያጣሉ? ከመሬቱስ ድርሻ አላቸው? የወይኑን ዘመንና የበርሜሉን እንጨት ዓይነት በዝርዝር የሚጠይቅ እንግዳ ይህን መጠየቅ አይከብደውም። ኬፕታውን ሲደርስም ከሮበን ደሴት በፊት በ1679 ለኩባንያው ባሪያዎች ማደሪያ የተሠራውን፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ቤት ይይ።

ከስቴለንቦሽ ወደ ፍራንሽሁክ ሲታለፍ በተራሮቹ ግርጌ ፕኒኤል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1843 ነፃ ለወጡ ባሪያዎች የተቆረቆረች ናት፤ መታሰቢያም አቁመዋል። አብዛኛው መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋታል። ቀጣዩ ቅምሻ በ11 ሰዓት ይዘጋልና።